እንግዳው ጎል ጋ የቆምኩ ጊዜ

መጋቢት 4፣ ቅዳሜ

ተሸነፍን። ሦስት ለአንድ። ዝናቡም አልቀረልንም። ጫማዬን በሩ ሥር አቁሜዋለሁ፣ ውሃ እያንጠፈጠፈ ነው።

ወንድም ጋሼ እንደ ልማዱ ከጨዋታው በኋላ አብሮኝ ወደ ሱቄ መጣ። ሱቅ ይባል እንጂ ሶፋ የማድስበት አንዲት ክፍል ናት። ጨርቁን ገና ያላለበስኩት የሰው ሶፋ ላይ ዘፍ አለ። ተነስ ብለው ይሰማል?

"አጥቂ የለንም" አለ።

"ተከላካይስ አለን እንዴ? ሦስት ገባብን እኮ!"

"ሦስት ቢገባብሽ አራት የሚያገባ አጥቂ ካለሽ ምን ገዶሽ?"

አውቶብሱንም በዚህ ሐሳብ ቢነዳው ኖሮ ተሳፋሪውን ፈጅቶት ነበር። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው ሾፌር ነው፣ አንድም ቀን ሰው አልገጨም። ኳስ ላይ ሲደርስ ግን ፍሬን የሚባል ነገር የለውም።

ማስረጃም ተከትሎን ገባ። የቀድሞ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር "ማስረጃ?" ስለሚል ስሙ ጠፍቶ ማስረጃ ሆኖ ቀረ። ተጫዋቾቹ ደሞዝ ካገኙ ሁለት ወር አለፋቸው አለ። "ማስረጃ?" አልነው ሁለታችንም በአንድ አፍ። በረኛው አስር ቁጥሩን የታክሲ ሲለምነው በዓይኔ አይቻለሁ አለ።

ታዲያ ሲሚንቶ የት ሄዶ ነው? ሲሚንቶ የምንለው ባለሀብቱን ነው፣ ሲሚንቶ ስለሚሸጥ። ከክለቡ ሦስት እጅ ሁለቱ የሱ ነው። አንዱ እጅ የእኛ የአባላቱ ነው። ከጨዋታው እኩሌታ ላይ ተነስቶ ሲሄድ አይቼዋለሁ። ዝናብ ጠልቶ ይሆናል።

መጋቢት 9

ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ስወጥር ዋልኩ። ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። ስለ ኳስ አንዴም አላሰብኩም... ውሸታም።

መጋቢት 15

ጉድ ፈላ።

የደጋፊዎቹ ሊቀመንበር፣ ፋርማሲስቱ፣ ሁላችንንም ሰብስቦ የሲሚንቶን መልእክት ነገረን። ዘጠኝ ቁጥር ሊያመጣልን ነው። ያንን ዘጠኝ ቁጥር! ባለፈው ዓመት በእኛው ሜዳ ሁለት አግብቶብን፣ ጆሮውን ይዞ "አልሰማኋችሁም" እያለ የዞረብንን። አዳራሹ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን እዋሻለሁ።

ቀጠለ። ውዝፉን ደሞዝ ይከፍላል። ለጥላ ፎቁ ጣሪያ ያሠራል። በምትኩ አባላቱ ድርሻችንን እናስረክበዋለን።

ጭብጨባዬ አየር ላይ ቀረ።

ያቺ አንድ እጅ ባትኖር እኮ ሜዳውን ድሮ ሸጦት ነበር። መሃል ከተማ ያለ ሰፊ ቦታ፣ ማን ይተወዋል? ግን ሜዳውን ለመሸጥም ማልያውን ለመቀየርም የእኛ ፈቃድ ግድ ነው። እስከዛሬ ያቆየን ወዶን ነው እንዴ?

ተነሳሁ። "ሜዳውን እንደማይሸጥ ቃል ይግባልና!" አልኩ።

"እህቴ፣ ሰው ስጦታ ይዞ ሲመጣ በር ላይ ይፈተሻል እንዴ?" አለኝ ፋርማሲስቱ።

ሳቁ። ወንድም ጋሼም ሳቀ። ደሜ የፈላው እሱ ሲስቅ ነው።

መጋቢት 22

ከወንድም ጋሼ ጋር ተጣላን። የምር።

ሻይ አፍልቼለት ነበር። በደህና ጀምረን ነበር። አስር ቁጥሩ ኳስ ያበዛል፣ አያበዛም... እንደ ድሮው። ከዚያ የማይቀረው መጣ።

"ስድሳ ሊሞላኝ ነው። አንድ ዋንጫ አላየሁም። አንድ! ሳላይ ልሙት?"

"ሜዳችን የገበያ አዳራሽ ሲሆንስ ልታይ ነው?"

"ሌላ ሜዳ ይሠራላ። ከከተማ ወጣ ብሎ።"

"በምን ልሄድ?"

"እኔ እወስድሻለሁ።"

"ጡረታ ወጥተህ? በትከሻህ?"

እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ነበር። ማን ያቁም?

"ኳስ ያሳየሁሽ እኔ ነኝ! እኔ ትከሻ ላይ ሆነሽ ነው ያንን ሜዳ ያወቅሽው!"

"እኮ! ሜዳውን ነዋ ያሳየኸኝ፣ ዘጠኝ ቁጥሩን አይደለም!"

ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ቢያጋጨው ይሻለኝ ነበር።

እውነቱን ግን ነው... ዋንጫ አላየም። እኔስ አይቻለሁ? አጥቂውን እኔም እፈልገዋለሁ። ስፌት ላይ ተቀምጬ ለእኛ ሲያገባ ይታየኛል፣ መርፌው ጣቴን ሊወጋኝ ይደርሳል። ለዚያ ብዬ ግን አፌን ልሸጥ? እምቢ! ሲሚንቶ ጥሩ ሰው ቢሆን እንኳ እምቢ። ነገ ልጁ ይወርሰዋል፣ ከነገ ወዲያ ለማናውቀው ሰው ይሸጠዋል። ያኔ ማንን ልንጠይቅ ነው?

ሚያዝያ 3

ዛሬ ማስረጃ ወሬ ይዞ መጣ። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው እሁድ ነው።

የእኛ ክለብ ድምፅ በወረቀት አይሰጥም፣ እጅም አይወጣም። በእግር ነው። አባላቱ መሃል ሜዳ ላይ እንሰበሰባለን። እሺ የሚል አንደኛው ጎል ጋ፣ እምቢ የሚል ሌላኛው ጎል ጋ ሄዶ ይቆማል። ክለቡን የመሠረቱት ሠራተኞች ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ ነው ይላሉ። ከዚያ ወዲህ የተማረውም ያልተማረውም በእግሩ ነው የሚመርጠው። ማን የት እንደቆመ አገር ያያል።

የቱ ጎል ለእሺ፣ የቱ ለእምቢ እንደሚሆን የሚወስነው ሊቀመንበሩ ነው። ወሰነ። እምቢ የሚል... እንግዳው ጎል ጋ!

እንግዳው ጎል የምንለው የተጋጣሚ ደጋፊ በሚቀመጥበት በኩል ያለውን ነው። የእኛ ሰው እዚያ አይቆምም። ከቆመ እንሸነፋለን፣ አለቀ። ሣር አጫጁ እንኳ የጨዋታ ዋዜማ ወደዚያ ዝር አይልም። የሴቶች መጸዳጃ ቤቱ በዚያ በኩል ስለሆነ እኔ ራሴ ጨዋታው እስኪያልቅ ይዤ የምቆይ ሰው ነኝ።

"ተንኮል ነው" አልኩ።

"ማስረጃ?"

"አንተ እዚያ ትቆማለህ?"

ጺሙን ማሻሸት ጀመረ። ይኸው ማስረጃው!

ሚያዝያ 9

ልጄ "እማዬ፣ ብቻሽን ብትቀሪስ?" አለችኝ።

"ብቻዬን እቆማለኋ።"

"አጎቴስ?"

ማልያዬን ተኮስኩ። ፈርቻለሁ። ሰው ሳይሆን ያቺን ቦታ ነው የፈራሁት፣ በዚህ ዕድሜዬ...

ሚያዝያ 10፣ እሁድ

በቅደም ተከተል ልሞክር።

ሲሚንቶ ራሱ መጥቶ ነበር። ከጠበቃው ጋር የክብር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ፋርማሲስቱ መሃል ሜዳ ላይ ጥያቄውን አነበበና ፊሽካ ነፋ።

ሕዝቡ ወደ እሺ ጎል ተንጋጋ። ወንድም ጋሼ ከፊት ነው። አላየኝም። አይቶኛል፣ እንዳላየ ሆነ እንጂ።

እኔ ወደ እንግዳው ጎል መራመድ ጀመርኩ። ያ ሜዳ ያን ያህል ይረዝማል እንዴ? ስንቱን ተጫዋች "ሩጥ አንተ ሰነፍ!" ስል ኖሬያለሁ። ከኋላዬ ያፏጫሉ። "እንግዳዋ! ትኬት ቆርጠሻል?" የሚል ሰማሁ። አልዞርኩም። መስመሩ ጋ ስደርስ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ረገጥኩት። ምንም አልሆንኩም። የጎሉን ብረት ጨብጬ ፊቴን ወደ እነሱ አዞርኩ።

ብቻዬን ነኝ።

ከዚያ ማስረጃ መጣ፣ እግሩ ሥር እባብ ያለ ይመስል መሬት መሬቱን እያየ። ከዚያ ሁለት ወጣት ሴቶች፣ አላውቃቸውም። ከዚያ አበቃ። እፍኝ አንሞላም።

ፋርማሲስቱ ሊቆጥር ሲል ማስረጃ አጠገቤ ሆኖ ጮኸ። "አንድ ጥያቄ! ከዚህ በኋላ የምንመርጠው መቼ ነው?"

ጠበቃው ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ። ሰው የሚያባብል ፈገግታ አለው። "ከዛሬ በኋላማ በፀሐይ አትንገላቱም፣ አባቴ። እናንተ ተመልካች ናችሁ። ቁጭ ብላችሁ ማየት ብቻ ነው።"

ሊያስደስተን ብሎ እኮ ነው! ኳስ የማያውቅ ሰው... እኛ ተመልካች? ቁጭ ብለን? በዚህ ሜዳ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው አለ እንዴ? አሠልጣኝ የሚያባርር፣ ቅያሪ የሚያዝ፣ ለዳኛው ሕግ የሚያስተምር ሕዝብ ነው እኮ!

ከዚያ የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ከእሺ ጎል ምራቁን ጢቅ አድርጎ ወጣ። "ተመልካች እናትህ ትሁን!" አለ። ሜዳውን ሰንጥቆ ወደ እኛ መጣ። አምስት ስድስት ሰው ተከተለው። ከዚያማ መቁጠር ቀረ። አንዳንዱ መስመራችን ጋ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የተሻገረው። ጎሉ ጠቦን እስከ መቀመጫው ድረስ ሞላነው። "እምቢ! እምቢ!" እያልን ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮህን። የፋርማሲስቱ ፊት በርበሬ መሰለ።

ወንድም ጋሼ አልመጣም። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ እዚያው ቆመ። ዙሪያው ባዶ እየሆነ ሄደ፣ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ተናደድኩበት። ኮራሁበትም። የማን ወንድም ነው!

አሸነፍን።

ሚያዝያ 24

ሲሚንቶ ድርሻውን ከነዕዳው ጥሎልን ሄደ። "በሉ ድምፃችሁን ብሉት" ብሏል አሉ። ዘጠኝ ቁጥሩ ለሌላ ክለብ ፈረመ።

እንበላዋለን!

ሰኔ 12

ከሊጉ ወረድን።

በመጨረሻው ጨዋታ ገና በእረፍት ሰዓት አልቆልን ነበር። የተጫዋቹ ግማሽ ልቡ ሌላ ቤት ነው። አስር ቁጥሩ ብቻውን ሲሮጥ ሲሮጥ አንጀቴን በላው።

ዳቦ ቤት ተሰልፌ ከኋላዬ አንዷ "ያወረደችን እኮ ይቺ ናት" ስትል ሰማሁ። ዞርኩ። "አዎ፣ እኔ ነኝ። ሜዳሽ ግን እዚያው አለልሽ፣ ሂጂና እይው" አልኳት። ዳቦ ጋጋሪው አንድ ዳቦ መረቀልኝ።

አላፍርም። ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ። ስለወረድን ነው ያለቀስኩት፣ እዚያ ስለቆምኩ አይደለም። ይለያያል።

ወንድም ጋሼ እስካሁን ሱቄን አልረገጠም። በአውቶብሱ በደጄ ሲያልፍ ጡሩምባ ይነፋልኝ ነበር። ያንንም ተወው።

ሐምሌ 20

ክለቡ አሁን ሙሉ በሙሉ የአባላቱ ነው። ኮሚቴ ተመረጠ። ማስረጃ ሊቀመንበር፣ እኔ ገንዘብ ያዥ። ገንዘቡ የታለ? "እስኪመጣ ድረስ ያዥው" አሉኝ።

ጥቅምት 19

አስር ቁጥሩን ሸጥነው።

ባንኩ ሲሚንቶ ትቶልን በሄደው ዕዳ ሜዳውን ሊይዝ ነው። ሌላ የሚሸጥ ነገር የለንም። አባላቱ ከሰዓቱን ሙሉ መሃል ሜዳ ላይ ተሟገትን። በአሳዳጊ እጅ ያደገ የሰፈራችን ልጅ፣ እንዴት ይሸጣል? ይሸጥ፣ ወደ ትልቅ ክለብ ነው የሚሄደው! እኔ እሺ ጎል ጋ ቆምኩ። እግሬን እየጎተትኩ።

ልጁ ሊሰናበተኝ ሱቅ መጣ። "አይዞሽ እትዬ" ይለኛል። እኔን! ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

ስሙን ሰምተነው ከማናውቅ ቡድን ጋር ተጫወትን። አንድ ለዜሮ። ተሸነፍን።

ወንድም ጋሼ መጥቶ ነበር። በዚህ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ከኋላዬ ሁለት መደዳ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ሰላምታ የለም። ጎሉ ሲገባብን ግን ብድግ አለ።

"አስር ቁጥሩን የሸጠው ማነው? ማነው የሸጠው?"

ሰው ዞሮ ያየው ጀመር፣ ከዚያ እኔን።

"ገንዘብ ያዧ ትውረድ!"

ሕዝቡ ተቀበለው። "ትውረድ! ትውረድ!" ጥላ ፎቁ በሙሉ። ማስረጃ አጠገቤ ሆኖ አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀበረ። እኔ ተነስቼ ዞርኩና እጄን አውለበለብኩላቸው። የባሰ ጮሁ።

ከጨዋታው በኋላ እስከ ሱቄ ድረስ ከኋላዬ እየጮኸ ተከተለኝ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። በሩን ስከፍት እሱም ገባ። ሶፋው ላይ ዘፍ አለ።

"አስረጂኝ! ለምን ሸጣችሁት?"

አስረዳሁት። የባንኩን ነገር፣ የሜዳውን፣ ሁሉን። አልተዋጠለትም። ክፍያውን በየዓመቱ አታደርጉትም ነበር ወይ? ጠይቀን ነበር። ማንን? ባንኩን። ማን ሄዶ? እኔ። "አንቺማ መለማመጥ መቼ ታውቂና! እኔን ብትልኪኝ ኖሮ..." ተጨቃጨቅን። ሻይ አፈላሁ፣ ጠጣው፣ ደገመ፣ አሁንም አልተዋጠለትም።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ። "በሚቀጥለው ስብሰባ አወርድሻለሁ። እህቴ ናት ብዬ አልምርሽም።"

"ሞክራት!" አልኩት።

በሩን አጋጨው።

ሲሚንቶን ስንት ዓመት ስንሰድበው የመኪናውን መስታወት ዘግቶ ነበር የሚሄደው። እኔ የምዘጋው መስታወት የለኝም። ወንድም ጋሼ ነገ በጠዋት ይመጣል፣ ያልጨረሰው ስድብ አለው።