ለእማማ ወለተ ማርያም የሠራሁት ማዳመጫ

ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለውድ እታለም፣

አንቺ፣ ባለቤትሽና ልጆችሽ እንዴት ከርማችኋል? ወገብሽንስ ተሻለሽ ወይ? እኔን ወባው ለቆኛል፤ ደህና ነኝ።

የምጽፍልሽ ግራ የገባኝ ነገር ስላለ ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ጥያት የወጣሁት ፊዚክስ እዚህ ድረስ ተከትላኝ መጥታለች። ሰሊጥ ስሸከም ውዬ ከሥራ መልስ ከማሉ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ እቀመጣለሁ። የመተማ ሰው ነው፤ የተበላሸውን ፈትቶ ያሳየኛል፣ ዕቃም አይሰስትብኝም።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እማማ ወለተ ማርያም ጆሯቸው ከደነቆረ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ለእሳቸው ብዬ ከአሮጌ ስልክ መናገሪያውን፣ ከተጣለ ሬዲዮ ሁለት ትራንዚስተር አወጣሁና ሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ በይጄ ማዳመጫ ሠራሁ። ጆሮ ላይ የሚሰካውን ወደ መናገሪያው ሳስጠጋው ያፏጭብኛል። ከማሉ፣ የወጣው ድምፅ ተመልሶ እየገባ፣ እየጎላም ስለሚወጣ ነው አለኝ። ትራንዚስተሩ ጉልበት አይፈጥርም፣ ጉልበቱ የባትሪ ድንጋዩ ነው፣ ትንሿ ድምፅ በሩን ትከፍትለታለች እንጂ አለኝ። ቃሉን ሸምድጄዋለሁ፤ ነገሩ ግን እስካሁን አልገባኝም።

ሰኞ ጠዋት ሰካሁላቸውና ከጀርባቸው አሥር እርምጃ ርቄ ቀስ ብዬ እማማ ብል ዞር አሉ። ይሄ ሁሉ ድምፅ የት ከርሞ ነው ልጄ ብለው ሳቁ። ሽቦውን ነጠላቸው ሸፈነው። ሴት ልጃቸውን እናኑን ማታ አስደንቃታለሁ ብዬ ሳልነግራት ወደ ሥራ ሄድኩ።

አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር። ወንድ ልጃቸው ጋረደው ቁረይሻ የሚባል ቦታ እርሻ ላይ ትራክተር ተገልብጦበት ከሞተ ሁለት ወር አልፎታል። ልባቸውን ስለሚያማቸው፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ተብሎ መርዶው አልተነገራቸውም። እናኑና ጎረቤቶቿም አይሰሙም ብለው እዚያው ግቢው ውስጥ ካለው ራኩባ፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር፣ አጠገባቸው ተቀምጠው ስለ መርዶው ቀን ይማከራሉ።

ስመለስ ማዳመጫው ጭናቸው ላይ ነበር። ያፏጫል እንጂ ምንም አያሰማም፣ ውሰደው አሉኝ። ሽቦው ተነቅሏል፤ ሽቦው ተነቅሎ ደግሞ አያፏጭም። ከማሉ ዘንድ ወስጄ ብበይደው ወዲያው ሠራ። መልሼ ባመጣላቸው እጃቸውን አልዘረጉም። በማግስቱ ለጋረደው ያስቀመጡትን አዲስ ጋቢ አውጥተው በመንገድ ለሚያልፍ ስደተኛ ሰጡት። እናኑ ደንግጣ በእጇ ምልክት ለምን ብትላቸው፣ በርዶታል አሉ።

እንደ ወትሮው ጋረደው ደህና ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እናኑ ራሷን ከላይ ወደ ታች ነቅንቃ ደህና ነው ትላቸዋለች። ተመስገን ይላሉ፤ ፊቷን ግን አያዩም። እማማ ሳይሰሙ አልቀሩም ብዬ ለእናኑ ልንገራት? ወይስ ዝም ልበል? ከማሉን ባማክረው፣ መበየድ እንጂ ይህን አላውቅም አለኝ። ማን ለማን እያዘነ እንደሚደብቅ ተደበላልቆብኛል። ደግ ሠራሁ ብዬ ነበር እኮ!

እታለም፣ ታምሬ ወንድማችን ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ አራት ደብዳቤ ልከሽልኛል። ትናንት አውጥቼ ጎን ለጎን አነበብኳቸው። በአራቱም ታምሬ ደህና ነው፣ ሰላም ይልሃል ይላል፤ አንድም ቃል አልተለወጠም። የት እንደሚገኝ የለበትም፤ ምን እንደተናገረም የለበትም። እኔም በየመልሴ ተመስገን ብያለሁ።

ይህን የሚያደርስልሽ ነጋዴ መልስ ይዞ ይመለሳል። ታምሬ በራሱ እጅ አንድ መስመር ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል። ካልተመቸው ግን ግድ የለም፤ አንቺው እንደ ሁልጊዜው ጻፊልኝ። እኔም እንደ ሁልጊዜው ተመስገን እላለሁ።

ያሳደጉኝን እጆችሽን እስማለሁ። አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ከዓይንሽ አያርቅብሽ።

ወንድምሽ