ስሙ ያልተጠቀሰው ወንድም

ውድ ሂልቸ፣

የላክሽው ፖስታ ማክሰኞ ደረሰኝ። ደብዳቤ የለበትም፤ ከሕግ መጽሔታችን የተቀደደ አንድ ገጽ ብቻ። እዚያ ከታተመው ፍርድ ሥር ከጻፍኩት አስተያየት አንዱን ዓረፍተ ነገር በእርሳስ አስምረሽበታል። ደጋግሜ አነበብኩትና የአባባ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። «ዳውዌ ዳኞች የበሉበትን ሰሃን ይልሳል» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ፍርዶች ይላኩልኛል፤ የሰው ስምና አድራሻ ተፍቆ «እናት»፣ «ልጅ» ተብሎ። እኔም ከሥሩ ዳኛው አበጀ ወይም ሳተ ብዬ እጽፋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ስም የሌለው ሰው አያሳዝንም፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ያ ፍርድ የደረሰኝ በረዶው ሳይቀልጥ ነው። የስድስት ዓመት ልጇ በሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተወስዳ ለሌላ ቤተሰብ የተሰጠችባት እናት ይግባኝ ያለችው ቀነ ገደቡ ካለፈ በማግሥቱ ነበር። አንድ ቀን! ዳኛዋ «ለምን ዘገየሽ?» አለቻት።

«ጠበቃ ሳፈላልግ ነው።»

«የሚረዳሽ ዘመድ የለም?»

«ወንድም አለኝ፣ ሕግ ያውቃል። ግን አንነጋገርም።»

ይግባኙ ሳይታይ ተዘጋ። እኔስ ምን ጻፍኩ? «ሕግ አዋቂ ወንድም እያላት በሩን ያላንኳኳች እናት፣ ጥፋቱን ከራሷ በቀር በማንም ልታላክክ አትችልም።» ያሰመርሽበት እሱን ነው። ደስ እያለኝ ነበር የጻፍኩት፤ ለባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ ሳቁ። እናትየዋ ወደ ላይ አቤት ስትል የመጨረሻው ፍርድ ቤትም ቃሌን ጠቅሶ ፋይሉን ዘጋው። ከዚያ በላይ የሚኬድበት የለም። ልጅሽ ኒንከ እዚያው ሰዎች ቤት ታድጋለች።

እናትየዋ አንቺ፣ ወንድምየው እኔ። እንዴት አላወቅኩሽም? የኒንከ ልደት፣ እንደ አገራችን ልማድ መጸዳጃ ቤቴ ግድግዳ ላይ በሰቀልኩት የዘመድ ልደት መቁጠሪያ ላይ ተጽፏል። በየቀኑ አየዋለሁ። አንድ ካርድ እንኳ ልኬላት አላውቅም፣ አፈር ልብላ!

ደግሞስ በሬን አንኳኩተሽ ነበር እኮ። በአባባ ቀብር ዕለት፣ ከቀብር መልስ ለለቀስተኛው ቡናና ኬኩ እየታደለ፣ «ዳውዌ፣ ከሕፃናት ጉዳይ ደብዳቤ መጥቶብኛል፤ እስቲ እየው» አልሽኝ።

«ዛሬ? ቢሮ ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ» አልኩሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ወንድሜን ለማግኘት ቀጠሮ?»

«ሁሉም የሚመጣው በቀጠሮ ነው።»

«እንግዲያው ቀብርህም በቀጠሮ ይሁንልህ!» ብለሽ ኮትሽን አንሥተሽ ወጣሽ። እኔ ኬኬን ጨረስኩ።

ትናንት የመጽሔቱ አዘጋጅ ቦቨ ዘንድ ሄጄ «አስተያየቴን ልሻር፤ ተሳስቻለሁ ብዬ ልጻፍ» አልኩት።

«ምኑን ተሳሳትክ? ሕጉ ልክ ነው።»

«እናትየዋ እህቴ ናት።»

«ታዲያማ በዚህ ፍርድ ላይ ከመጀመሪያውም መጻፍ አልነበረብህም። አሁንም አትችልም» አለኝ። ልክ ነው። እያየሽ ነው? ሁላችንም ልክ ነን፣ ልጅሽ ግን የለችም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከብዕር የወጣውማ ባሰ።

ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ይከብድሻል። ሥራውን ትቻለሁ፤ እሱም ቢሆን ኒንከን አይመልስልሽም። «በሬ ክፍት ነው» ብዬ ልጽፍልሽ ጀመርኩና አፈርኩ። አሁን ብታንኳኪ ምን አደርግልሻለሁ?

ሐሙስ ልደቷ ነው። ካርድ ገዛሁ፣ ላዩ ላይ ጀልባ አለበት፤ «ከአጎትሽ ዳውዌ» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ የምትኖርበትን ቤት አድራሻ ፍለጋ ፍርዱን ገለጥኩ። ተፍቋል።

ሕግ የሚያውቀው ወንድምሽ፣
ዳውዌ