እማማ የማይናገሩት ፓስወርድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 2009፣ ሐደሮ

ዋይፋዩ አልገባም አለኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ደጋግሞ ፓስወርድ አስገቢ ይለኛል። እኔ ፓስወርድ መቼ ነበረኝና! የሚያውቀው ስልኬ ነበር። ታምራት ከመሄዱ በፊት ራሱ ነካክቶ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ስገባ ብቻውን ይገናኛል፣ ስወጣ ብቻውን ይቋረጣል። ምንድን ነው ብዬ ባሌን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ጣጣው የጀመረው ጠዋት ነው። ስልኩ ድርቅ ብሎ ቀረ። ተማሪዎቼን ከሸኘሁ በኋላ ገበያው ጫፍ ላለው ሞባይል ጠጋኝ ሰጠሁት። ከባዶ ልጫነው ሲለኝ እሺ አልኩ። "ከባዶ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ መች ገባኝ። ስልኩ ተሠርቶ መጣ፣ ግን ውስጡ ምንም የለም። ፎቶ የለም፣ መልእክት የለም፣ የቤታችንንም ዋይፋይ እንደ ባዕድ ያየዋል።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ምንም አልነበረም። አሁን ግን በአገሩ ሁሉ ሞባይል ዳታ ከተቋረጠ ሰነበተ። እኛ ቤት ኢንተርኔት ያለው ሟቹ አማቴ የእህል ነጋዴ ስለነበሩና መደበኛ ስልክ ስላስገቡ ነው። ታምራት የዋይፋዩን ትንሽ ሳጥን የቀጠለው በዚያ መስመር ላይ ነው።

ትናንት ማታ የጻፈልኝ ከስልኩ ቢጠፋም ከራሴ አልጠፋም። ናይሮቢ አንድ ቤት ውስጥ ነው ያሉት፣ ከኛው አካባቢ ልጆች ጋር። ደላላው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያሻግራቸውን መኪና እየጠበቁ ነው። የራሱ ቁጥር የለውም፣ የሚጽፍልኝ በዚያ ቤት ዋይፋይ ነው። እንዲህ ነው ያለኝ፦ "እሑድ ሲነጋ ይጭኑናል። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም። እማማን አማክሪና መልስ ስጡኝ። ተመለስ ካላችሁኝ እመለሳለሁ። ዝም ካላችሁኝ ግን ሂድ ብላችሁኛል ማለት ነው።"

ጠዋት እማማን አማክሬ እመልሳለሁ ብዬ ተኛሁ። ምን ነበረበት እዚያው "ተመለስ" ብለው? ፈራሁ። ተመልሶ ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥና አንቺ ነሽ ያስቀረሽኝ ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ። አሁን ደግሞ ዝምታዬ ሂድ እያለው ነው።

ረቡዕ

የሞከርኳቸው፦ የሱ ስም። የኔ ስም (እያፈርኩ)። የሠርጋችን ቀን። የሚደግፈው ቡድን። የቤቱ ስልክ ቁጥር። ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር። "ጌታ ያድናል" በላቲን ፊደል፤ በዚህ ሰፈር ግማሹ ፓስወርድ እሱ ስለሆነ። የእኛ አይደለም።

ጠጋኙን ለምኜ ቤት ድረስ አመጣሁት። ሳጥኗን ገልብጦ አያትና ከጀርባዋ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ። ከተነካች ፓስወርዱ ብቻ ሳይሆን የመስመሩም መለያ ይጠፋል፣ እሱን ደግሞ የሚሰጡት መስመሩ በስሙ ለተመዘገበው ሰው ብቻ ነው። ማለት ለታምራት። በገመድ የሚገናኝ ኮምፒውተር ብናገኝ ግን ፓስወርዱን ከውስጧ ማየት ይቻላል አለ። ደስ ብሎኝ ወደ ትምህርት ቤት ሮጥኩ። ኮምፒውተሩ ያለው ዳይሬክተሩ ቢሮ ነው፣ ቢሮው ተቆልፏል፣ ዳይሬክተሩ ሆሳዕና ስብሰባ ላይ ናቸው፣ የሚመለሱት ሰኞ ነው። ሰኞ ምን ያደርግልኛል!

ማታ ለእማማ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። እማማ የምላቸው የታምራትን እናት ነው፤ እሱ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን። ጓሮ እንሰት ሲፍቁ ውለው ደክሟቸዋል። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "እሑድ ነው ያልሽው?" አዎ አልኳቸው። ስለ ፓስወርዱ ሳወራ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እማማን ሁልጊዜ አይደለም የምረዳቸው። እኔ የሞርሲቶ ልጅ ነኝ፣ አፌን የፈታሁት በሀድይኛ ነው፤ ከምባትኛዬ ገና ስብርብር ያለ ነው። ስለዚህ የምንግባባው በአማርኛ ነው። ከምባትኛ ሲያስተምሩኝም የገበያው ሴቶች ይስቁብኛል። ለምሳሌ ጨው ለማለት እማማ ያስተማሩኝ ቃል ሌላ ነው፣ ገበያው የሚለው ሌላ ነው። አንዷ ሻጭ "የሳቸው ምራት መሆንሽ ያስታውቃል" ብላ ከት ብላ ሳቀች። ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም።

ሐሙስ

ንድድ ብሎኛል።

የጎረቤታችን ልጅ ብርቱካን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ አጥር ላይ አገኘኋት። የቸገረኝን ስነግራት ምን አለችኝ? እማማ ያውቁታል አለች። ድሮ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ፓስወርዱን የሚለምነው እሳቸውን ነበር፣ እሳቸውም ለማንም እንቢ አይሉም። ታምራት ተናደደና ቀየረው። ከዚያ በኋላ ቢለምኗቸው "አውቀዋለሁ፣ ግን አልናገረውም" አሏቸው።

ገብቼ ጠየቅኋቸው። አልካዱም።

"አውቀዋለሁ" አሉ።

"ታዲያ ይንገሩኛ፣ እማማ።"

"አልችልም፣ ልጄ።"

ለምን ብላቸው ያንኑ ደገሙልኝ። ለሰፈር ልጅ አልናገርም ማለት አንድ ነገር ነው። ለኔ? ለልጃቸው ሚስት? ባሌ በረሃ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶት? አልችልም ማለታቸው አልፈልግም ማለታቸው ነው። አሁን ገባኝ፤ እንዲሄድ ይፈልጋሉ። ማዶ ያለው ቤት ልጁ ከደቡብ አፍሪካ በላከው ጣራው ሲያበራ እያዩ ነው የሚውሉት። ታምራትን ስንሸኝ እኔ ሳለቅስ እሳቸው እንባ አልወጣቸውም። ለካ ለዚህ ነው!

"እንግዲህ ልጅዎን በደንብ ይሸኙት" ብያቸው ወጣሁ። ለአማት እንዲህ አይባልም። ብያለሁ፣ ምን ይደረግ። እራት አብሬያቸው አልቀረብኩም።

ዓርብ

ተማሪዎቼን ለባልደረባዬ አደራ ሰጥቼ ዱራሜ ሄድኩ። አንድ ሆቴል ዋይፋይ አለው ተብዬ ነበር። ሻይ አዘዝኩ፣ ፓስወርድ ስጠይቅ አስተናጋጇ ደንገጥ ሳትል ዋይፋዩ መሥራት ካቆመ መክረሙን ነገረችኝ። ግድግዳው ላይ ግን ማስታወቂያው አለ። ሌላ ቦታም ጠየቅሁ፣ የለም። ሚኒባስ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ለቅሶ የምሄድ መስሏቸው እግዚአብሔር ያጽናሽ አሉኝ። አሜን አልኩ።

ቤት ስደርስ እማማ በር ላይ ቆመዋል። እኔን የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር። ለካ ከአንጋጫ በኩል የመጣውን መኪና ነው። ሾፌሩን አስቁመው በከምባትኛ የሆነ ነገር ጠየቁት፣ ራሱን ነቀነቀ። ትናንትም እንደዚሁ ሲያደርጉ አይቻቸዋለሁ። ልጃቸው እንዲህ ሆኖ እሳቸው ገበያተኛ ይቆጥራሉ።

እራቴን ከድነው አስቀምጠውልኛል። በላሁ። ግን አላመሰገንኩም።

ቅዳሜ

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እንጃ። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ቀትር ላይ የአንጋጫው ሾፌር ወረደና እማማን አናገራቸው። ከዚያ እማማ ገቡ። በሩን ዘጉ። ሳጥኗ ያለችበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጡና ነይ አሉኝ። ኩርፊያዬ አልወጣልኝም ነበር፣ ቢሆንም ሄድኩ።

"ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ያለው የሰው ስም ነው። የአማቴ ስም ነው።"

አማቴ የሚሏቸው የታምራትን ሴት አያት ነው። እኔ ሳልገባ ነው የሞቱት። እዚህ ቤት ስለሳቸው ያልሰማሁት የለም፣ ደግነታቸው፣ ቁጣቸው፣ እህል አያያዛቸው። ስማቸውን ግን ሰምቼ አላውቅም። ይኼ እስከ ዛሬ ልብ ያላልኩት ነገር ነው። ሁሌ "ትልቋ እናት" ነው የሚባሉት። የሴት አያት ስም መታወቂያ ላይ አይጻፍም።

ወዲያው ሁሉም ነገር ገባኝ፣ አፈርኩም። ምራት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ስም ብቻ አይደለም፣ ከስማቸው ጋር አጀማመሩ የሚመሳሰለውን ቃል ሁሉ ትታ ሌላ ቃል ትናገራለች። ጨው! የገበያው ሴቶች የሳቁት ለዚህ ነው። እኛም አገር፣ ሀድያ ውስጥ፣ ይኼ ልማድ አለ፤ እናቴ ስትጠነቀቅ እያየሁ ነው ያደግሁት። የባሌ አባት ስለሞቱና እማማም ምንም ስላላሉኝ የድሮ ሰው ነገር አድርጌ ረስቼዋለሁ።

ታምራት ፓስወርዱን ሲቀይር ለናቱ እየሳቀ ነግሯቸዋል። አሁን ማንም ቢለምንሽ አታወጪውም ብሎ። ለኔ ሊነግረኝ አላሰበም፣ ስልኬ ያውቀዋላ። ጎበዝ! ሌባ እንዳይገባ ብሎ ሚስቱን ውጭ ቆለፈባት።

ስሙን መጥራት የምትችለው የአሮጊቷ የገዛ ልጅ ናት፣ የታምራት አክስት፤ እሷ ምራት አይደለችም። ያለችው ከአንጋጫ ወዲያ ገጠር ነው፣ ስልክ የላትም። እማማ ረቡዕ ማታ የነገርኳቸውን ሰምተው ሐሙስ በማለዳ፣ እኔ ገና ሳልቆጣቸው፣ በሾፌሩ ልከውባታል። መጥታ ትንገርሽ ብለው ነበር የሚጠብቁት። በር ላይ የቆሙት ለዚያ ነው። ዛሬ የመጣው መልስ ታማ ተኝታለች የሚል ነው። ከገበያ በኋላ ደግሞ ወደዚያ የሚሄድ መኪና የለም።

እኔም አወቅሁ ባይ፣ እማማ ይኼ እኮ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለም፣ ኃጢአት አይደለም አልኳቸው። የመለሱልኝን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ።

"ኃጢአት ነው መች አልኩ። ታምራትን ስወልድ ሞቼ ነበር። ልጁም እኔም። እሳቸው ናቸው በማንኪያ እያጎረሱ ያነሱን። ምን ልስጣቸው? ምንም አልነበረኝ። ስማቸውን አልጠራሁም። የሰጠኋቸው እሱን ነው።"

እጃቸውን ያዝኩ። የእንሰቱ ሽታ አለው።

"ያኔ ያተረፉት ልጅ ነው" አሉ፣ ለራሳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና ስሙን ተናገሩት። አጭር ስም ነው።

"ሁለት ጊዜ አያይዘሽ ጻፊው። እኔ ሁለተኛ አልለውም።"

ጻፍኩት። እንቢ አለኝ። ሳየው ስልኩ የመጀመሪያዋን ፊደል በራሱ ትልቅ አድርጓታል። አጠፋሁና ሁሉንም በትንሹ ጻፍኩ። አሰበ፣ አሰበ፣ ተገናኘ። እማማን ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

የምንጻጻፍበትን እንደገና እስክጭን ከሰዓቱ አለቀ። ሳምንቱን ሙሉ ለታምራት የምነግረውን ሳዘጋጅ ነበር፣ ምክንያት በምክንያት ላይ። ሁሉም ጠፋኝ። የላክሁት ይኼን ብቻ ነው፦ "ተመለስ። ፓስወርዱን እማማ በአፋቸው ነገሩኝ።"

አልደረሰውም። አንዲት ምልክት ብቻ ናት ያለችው። ይኼን ስጽፍም አንድ ናት።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

እሑድ፣ ኅዳር 11

ሲነጋ አየሁ፣ አንድ ምልክት። ይጭኑናል ያለው ይኼኔ ነው። እማማ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ አሉ። ስልኩን ቤት ትቼ መሄድ ግድ ነው፣ ከቤት ከወጣ አይሠራም። ሳጥኗ አጠገብ አስቀመጥኩት። ስብከቱ ስለ ምን እንደነበር አላውቅም። እማማ አጠገቤ ተንበርክከው ጸሎቱ ካለቀ በኋላም አልተነሱም።

ስንመለስ ከእማማ ቀድሜ ሮጬ ገባሁ። ሁለት ምልክት። ከሥሩ ድምፅ ልኳል።

መጀመሪያ ሳል ነው የሚሰማው። ከዚያ፦ "እማማ ናት የነገረችሽ? እማማ?" ይላል። ከዚያ ዝም ይላል፣ መኪና ሲያልፍ ይሰማል። ከዚያ ድምፁ ተለውጦ፦ "መኪናው ላይ ወጥቼ ነበር፣ ገና በሩ ላይ ሳለን ደረሰኝ። ወረድኩ። እነሱ ሄደዋል። ወደ ሞያሌ የሚሄድ አውቶቡስ እየፈለግሁ ነው፣ ንገሪያት።"

ለእማማ አሰማኋቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰሙ፣ ድገሚው አሉ፣ ደገምኩት። ሲሸኙት ያልወጣ እንባ አሁን ወጣ። ስለ ሐሙሱ ንግግሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፣ በእጃቸው እንደ ዝንብ አባረሩት።

"ሲመጣ አስቀድሞ ስማቸውን ከዚያ ያውጣ" አሉ ሳጥኗን እያዩ። እሺ አልኳቸው። እስኪመጣ ግን ገና ብዙ ነው። ድንበሩ አለ፣ መንገዱ አለ፣ ደግሞም ሐሳቡን እንዳይለውጥ እፈራለሁ። ስልኩን እንደያዝኩ ነኝ።

ምሳ ልንሠራ ማድ ቤት ገባን። እማማ ጎመኑን እያማሰሉ ጨው አቀብይኝ አሉኝ፣ በዚያ በራሳቸው ቃል። ሳቀብላቸው እኔም ጨውን በሳቸው ቃል ጠርቼ "ይኸው" አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ጎመናቸው ተመለሱ።