የቅዳሜ ተራማጆች ስም ዝርዝር

ቀን፦ ታኅሣሥ 4 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለአካባቢው የሕዝብ ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ዓለም ገና

ጉዳዩ፦ የፓርኪንሰን ሕሙማን የሚሰባሰቡበት አዳራሽ እንዲከፈትና የተወሰደብን የስም ዝርዝር እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

አመልካች ራቢአ ከሊፋ እባላለሁ። ዓለም ገና መንገድ ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። ይህን ማመልከቻ በሰው አልላክሁትም፤ ራሴ ይዤው መጥቻለሁ። ለቀበሌው ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች «አልደረሱንም» ስለተባሉ፣ በቅጂዬ ላይ የመዝገብ ቁጥርና ማኅተም ሳይሰፍርልኝ ከቢሮዎ እንደማልወጣ በአክብሮት አስታውቃለሁ።

1. አባቴ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተው ነው ያሳደጉን። ከአምስት ዓመት በፊት ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃታቸው። ዓይናቸው ደክሟል ብለን መነጽር ገዛንላቸው፤ ዓይናቸው ግን ደኅና ነበር። እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ እግራቸው ይጎተት፣ ድምፃቸው ይወርድ ጀመር። ሐኪም ፓርኪንሰን ነው አለን። ክኒኑ በሰዓቱ ካልተዋጠ ሰውነታቸው እንደ እንጨት ይደርቃል። ጡረታ የወጡት ነርስ ሲስተር ብርቅዬ «ክኒኑ ግማሹን ይሠራል፣ ግማሹን እናንተ በእንቅስቃሴ ሥሩት» ብለውን በ2007 ዓ.ም. በሱቄ በረንዳ ላይ ሦስት ሕሙማን ይዘን ጀመርን። ቅዳሜ ጠዋት በከበሮ ምት መራመድ፣ ኳስ መቀባበል፣ ድምፅ እንዲወጣ ጮክ ብሎ መቁጠር ነው ሥራችን። ከሰበታና ከቡራዩ ታክሲ ቀያይረው የሚመጡ ተጨመሩ። ራሳችንን «የቅዳሜ ተራማጆች» ብለን ጠራን።

2. በረንዳው ሲጠብበን ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ወጣን። ይህ በሽታ የያዘው ሰው እየተራመደ ሳለ እግሩ ድንገት መሬት ላይ ተሰፍቶ ይቀራል። መሬቱ ላይ መስመር ካለ ግን መስመሩን እየተሻገረ ይሄዳል። ምክንያቱን ሐኪም ይወቀው፤ እኛ በዓይናችን አይተነዋል። ስለዚህ ሜዳው ላይ በኖራ መስመር አሰመርን። ወሩ ታኅሣሥ 2008 ነበር፤ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ሊወስድ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ እንቅልፍ ያጣበት ጊዜ። ያን ነጭ መስመር ያየ ገበሬ ምን እንደሚያስብ ለክቡርነትዎ አላስረዳም። ጎረቤቶች ዱላ ይዘው መጡብን። «ማነው መሬቱን የለካው? ለማን ልትሰጡት ነው?» አሉን። ብናስረዳ ማን ይመነን! ከአባሎቻችን አንዱ፣ የዚያው አካባቢ ገበሬ ኦቦ ደቻሳ፣ ድምፃቸው ስለማይሰማ መልስ አልሰጡም። በመስመሮቹ ላይ አንድ በአንድ ተራመዱ። መስመሩ ሲያልቅባቸው እግራቸው ተያዘና ባሉበት ቀሩ። ሰዎቹ ይህን አዩ። አንደኛው ዱላውን ጥሎ፣ «ኮታ አባኮ፣ ይምጡ አባቴ» ብሎ በክንዳቸው ይዞ አወጣቸው። ከዚያ ወዲህ የነካን ጎረቤት የለም። ቀበሌውም ከሜዳ ብትነሱ ይሻላል ብሎ አዳራሹን ለቅዳሜ ጠዋት ፈቀደልን።

3. ጥቅምት 3 ቀን 2009 ዓ.ም. የቀበሌው የጸጥታ ሠራተኛ ወደ ሱቄ መጣ። «የአባሎቻችሁን ስም፣ ሰፈርና ስልክ ጻፊልን፣ ለመድኃኒት ድጋፍ ነው» አለኝ። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ «ለመሆኑ ተራማጅ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «የሚራመዱ ማለት ነዋ!» ብዬ ሣቅሁ። እሱ አልሣቀም። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ። ክኒኑ ከገበያ የሚጠፋበት ወር ስለሚበዛ የድጋፍ ወሬ ልቤን ወሰደው። የዐሥራ አራት ሰው ስም በእጄ ጽፌ ሰጠሁት። መቀበሉን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት እንኳ አልጠየቅሁም።

4. ቅዳሜ ጥቅምት 12 ቀን ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች አዳራሹ ኋላ ተቀመጡ። ከጤና ጽሕፈት ቤት ነን አሉ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከወጣ ወዲህ እጅ ማጣመር እንደ ተቃውሞ ምልክት እንደሚታይ ስለምናውቅ፣ እጅ ወደ ላይ የሚነሣበትን እንቅስቃሴ ሲስተር ብርቅዬ ቀድመው አስቀርተውት ነበር። ኦቦ ደቻሳ ግን እጃቸው ሲብስባቸው ደረታቸው ላይ አጣምረው አንዱን በአንዱ ይይዙታል። ሁልጊዜም እንዲህ ነው። አንደኛው ሰውዬ ብድግ ብሎ «እጅህን አውርድ!» አላቸው። ሲያወርዱት ተንቀጠቀጠ። «ንጹሕ ከሆንክ ምን ያስፈራሃል?» አለ። በሽታ ነው ብለን ሁላችንም ጮኽን። ሰውዬው ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ስማቸውን አመሳከረ። ወረቀቱ የኔው ጽሑፍ ነበር። ኦቦ ደቻሳን ወሰዷቸው፤ አዳራሹም ታሸገ።

5. ኦቦ ደቻሳ ዐሥራ አንድ ቀን ታሰሩ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ደጊቱ በየቀኑ ክኒኑን ይዘው በር ላይ ቆሙ፤ ከውጭ ክኒን አይገባም ተብለው ተመለሱ። በምርመራው መንቀጥቀጣቸው የጥፋተኛ ፍርሃት ነው፣ በሽታው ያደረቀው ፊታቸው ንቀት ነው፣ የማይሰማው ድምፃቸው ምስጢር መደበቅ ነው ተባለ። ጥቅምት 23 ቀን ያለ ክስ ተለቀቁ። በእግራቸው ገብተው በሰው ሸክም ወጡ። እስከ ዛሬ ከአልጋ ወደ ደጅ የሚወጡት በድጋፍ ነው።

6. ከዚያ ወዲህ ማኅበራችን ፈርሷል ማለት ይቻላል። አንዱ ሌላውን ይጠረጥራል። ስልክ ስደውል የሚያነሣልኝ የለም። አባቴ እንኳ አንድ ቀን ምሳ ላይ «ዝርዝሩን ካንቺ ሌላ ማን ያውቀው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም በበኩሌ ጨርቅ ሊገዛ የሚገባውን ሰው ሁሉ እጠረጥራለሁ፤ ሳይገዛ ከወጣ ይብስብኛል። ባለፈው ሳምንት ድፍረት አግኝቼ ኦቦ ደቻሳ ቤት ሄድኩ። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠግቼ ሰማኋቸው።

«ስሜን የሰጠሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ለመድኃኒት ነው ብለውኝ ነው።»

ፊታቸው ስለማይናገር ይቆጡኝ ይዘኑልኝ አላወቅሁም። በኋላ «እንግዲያው የሆነውንም አንቺው ጻፊው። የኔን ስም ጥሪ፤ የሌሎቹን ሕሙማን ግን ተዪ» አሉኝ። ይህ አቤቱታ የተጻፈው በዚህ ቃል ነው።

7. ስለዚህ አዳራሹ እንዲከፈትልን፣ ዝርዝሩ ቅጂ ሳይቀርበት እንዲመለስልን፣ በማን ትእዛዝ ለምን ሥራ እንደተወሰደም በጽሑፍ እንዲገለጽልን እጠይቃለሁ። ለኦቦ ደቻሳ ደግሞ ጥፋት እንዳልተገኘባቸው የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጣቸው፤ ጎረቤት «በከንቱ አይታሰርም» ማለት ጀምሯልና። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው በማንኛውም ምክንያት ቢያዝ ክኒኑ እንዳይከለከልበትም ለሚመለከተው ክፍል ይጻፍልን።

ክቡርነትዎ መልስ እስኪሰጡን ድረስ፣ ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አባቴና እኔ ከሱቃችን እስከ ዋናው መንገድ እንራመዳለን። ሌላ ሰው ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ሁለት ሰው ስብሰባ አይባልም ብዬ አምናለሁ፤ ይባላል ከተባለም ቀድሞ ይነገረን። የሚያየን ሰው መላክ ካስፈለገ ግን ተደብቆ አይምጣ። ስሙን ነግሮን፣ አባቴን በግራ ክንዳቸው ይዞ አብሮን ይሂድ። እኔ በቀኝ እይዛቸዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ራቢአ ከሊፋ
(ፊርማ)