ትንፋሽ የሚያስለቅቀው ድምፅ

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ ሆስፒታል ተኝተህ ሳለህ የፎቶ ቤቱን ከባድ ካሜራ ለውጬዋለሁ። ሱቁ አሮጌውን ወስዶ አዲሱን ሰጠኝ። ይኼኛው በውስጡ መስታወት ስለሌለው ትንሽና ቀላል ነው፤ ትከሻህን ያሳርፍልሃል። እናታችንንም ለስንብት ፎቶዋ አንስቼያታለሁ። ድምፅ ስለሌለው መቼ እንዳነሳኋት እንኳ አላወቀችም። ይህ ጉዳይ አልቋል፤ ከእንግዲህ አታስቸግራት።»

ይህን የጻፍከው አንተ ነህ። ልታስታምመኝ መጥተህ በተመለስክ ማግስት፣ በሴፕቴምበር። «እንዲህ አላልኩም» እንዳትለኝ ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ ገልብጬዋለሁ። ደብዳቤ በቁጣ አይጀመርም ብሎ አባታችን አስተምሮን ነበር። እንግዲህ ጀመርኩት፤ አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ።

ውድ ወንድሜ ኖቡሂሮ፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የኩሺሮ ብርድ ጉልበትህን ምን አደረገው? ወደቡ ላይ ያለው የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት ሥራ ዘንድሮም ሌሊት ሌሊት ያስነሳሃል? ባለቤትህ ሚሳኦ ደህና ናት? ልጅህ ቺጉሳስ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? እኛ አለን። እዚህ ሺሞሱዋ ከሐይቁ የሚነሳው ጉም ረፋድ ሳይሆን አይገፈፍም። ጎረቤቱ ሁሉ ለብርዱ ወራት የሚሆነውን ጎመን በጨው እየደለደለ ነው፤ ባለቤቴ ፉሚኖም ትናንት እጇ እስኪቀላ ድረስ ስትደለድል ዋለች።

ትከሻዬ ተጠግኗል። ሐኪሙ እንደ ድሮው ሸክም እንዳልሸከም አዞኛል፤ ከዚህ በቀር ደህና ነኝ። የእናታችን ነገር ግን ትተሃት እንደሄድከው አይደለም። ዓይኗ ብርሃንን ከጥላ ከመለየት አያልፍም፤ ጆሮዋ ግን ዛሬም የልጅ ጆሮ ነው። አሁን ደግሞ ልቧ ደከመ። ከአልጋዋ ተነስታ መስኮቱ ዘንድ እስክትደርስ መንገድ ላይ ቆማ ታርፋለች። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ሐይቁ በረዶ እስኪሠራ ትቆያለች ብዬ ቃል አልገባልህም አለኝ። ይህን ልደብቅህ አልችልም፤ አንተም ልጇ ነህ።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል ስለ አዲሱ ካሜራ እውነቱን ልመስክር። አሮጌው የአባታችን ካሜራ ከነሌንሱ ሙሉ የሳኬ ጠርሙስ ያህል ይከብድ ነበር፤ ይኼኛው ኮቴ ኪስ ውስጥ ይገባል። የሰውን ዓይን ራሱ ፈልጎ ያነጣጥራል። በዚህ ወር ሕፃናታቸውን አስጊጠው ወደ መቅደሱ የሚወስዱ ወላጆች ደስ ብሏቸዋል፤ ድሮ ድምፁን ሰምታ የምታለቅሰው የሦስት ዓመት ልጅ አሁን ምንም ሳይመስላት ትነሳለች። ጸሎት ቤት ገብቼ የአንድ ማኅበር ጸሎት ሳነሳ መነኩሴው ዞር ብሎ «መጥተሃል እንዴ?» ያለኝ ሥራዬን ጨርሼ ዕቃዬን ስሰበስብ ነው። ለጸሎት ቤትና ለሕፃናት የተመቸ ዕቃ ነው፤ አልክድም። አንተ ረግረጉ ላይ አድፍጠህ የምታነሳቸው ትልልቅ ነጭ ወፎችም የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ነው። ነገር ግን፣ ኖቡሂሮ፣ እናታችን ወፍ አይደለችም።

አንተ በአሥራ ስምንት ዓመትህ ወደ ሰሜን ስለሄድክ አባታችን ሲሠራ አጠገቡ ቆመህ አታውቅም። ስለዚህ የማታውቀውን ልንገርህ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ክት ኪሞኗቸውን ለብሰው ለስንብት ፎቶ ሲመጡ፣ አባታችን የሚያነሳቸው ሁለት ጊዜ ነበር። ሰው ለቀብሩ የሚሆን ፎቶ ሊነሳ ሲቀመጥ ትንፋሹን ይይዛል። አንገቱ ይገተራል፤ ፊቱ ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ፊት ይሆናል። አባታችን ቁልፉን ይጫናል። መስታወቱ ተነስቶ ይመለሳል፤ ቋ ይላል፤ ድምፁ በወለሉ እንጨት በኩል እግር ድረስ ይሰማል። ሰውየው አለቀ ብሎ ትንፋሹን ይለቃል። ትከሻው ይወርዳል፣ ከንፈሩ ይላላል፣ ፊቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አባታችን ጣቱን ከቁልፉ ላይ አላነሳም ነበር። ሁለተኛውን ያኔ ይጫናል። የመጀመሪያው ይጣላል። በዚህ ከተማ በየቤቱ መታሰቢያ ላይ ሆነው በፍቅር የሚያዩን ሙታን በሙሉ ከድምፁ በኋላ የተነሱ ናቸው።

ትንፋሽዎን ይልቀቁ ብሎ መንገር አይሠራም። ታዞ የተነፈሰ ሰው ፊቱ የታዛዥ ፊት ነው። እናታችን ያን ሁሉ ዘመን ከጎኑ ቆማ የደንበኛውን የኪሞኖ ኮሌታ ስታስተካክል ስለኖረች ብልሃቱን አሳምራ ታውቀዋለች። ያም ሆኖ ካሜራው ቋ ባለ ቁጥር የእሷም ትከሻ ከደንበኛው ጋር ሲወርድ አይቻለሁ። ማወቅ ሰውነትን አያግደውም።

በአዲሱ ካሜራ መጀመሪያ ያነሳሁት የአናጺዎቹን ማኅበር ሽማግሌዎች ነው። ጨርሼ ሌንሱን ከከደንኩ በኋላም ደርቀው ተቀምጠዋል። ጣሪያችንን የሠሩት አቶ ሚያሳካ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ «ኢዋኦ፣ ልታነሳን ነው ወይስ እስክንሞት እየጠበቅከን ነው?» አሉ። ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ሲመጣ ካሜራው ተከድኗል።

አሁን ወደ እናታችን ፎቶ ልምጣ። አንተ ያዘዝከው ክፈፍ ጥቁር ሪባኑን እንደታሰረ ከማተሚያ ቤቱ የደረሰው በኦክቶበር መጀመሪያ ነው። ፉሚኖ ቀስ ብላ ቁም ሣጥን ልትከተው ስትል እናታችን የወረቀቱን ኮሽታ ሰማችና አምጪልኝ አለቻት። ጭኗ ላይ አስቀምጣ የክፈፉን መስታወት በጣቶቿ ዳሰሰች። ኮሌታዬ ተስተካክሏል ወይ አለችኝ፤ አዎ አልኳት። አንተ ስታነሳት ራሷ በዳበሳ ያስተካከለችው ነው፤ ከኔም ከፉሚኖም የተሻለ ነው። ፀጉሬስ አለች፤ አዎ አልኳት። ከዚያ ጣቷን፣ ሳታውቀው፣ ልክ በፎቶው ላይ ያለው አፏ ላይ አሳረፈች።

«ትንፋሼን ለቅቄያለሁ?» አለች።

ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ የሽፋሽፍቷ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ፊቷ ግን የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። አንተ የተውካቸውንም ፎቶዎች በሙሉ አየኋቸው፤ በሁሉም ትንፋሿን ይዛ ድምፁን ትጠብቃለች። እናታችን ድሮም ኮስታራ ናት ብለህ ለሚሳኦ ነግረሃታል አሉ። ኮስታራ ሆና አይደለም። አንተን እየጠበቀች ነበር። አንተ ግን ጨርሰህ ተነስተህ ሄድክ።

ዝምታዬን ሰማችው። «እንግዲያው ገና ይዤዋለሁ» ብላ ክፈፉን ለፉሚኖ መለሰችላት። ያን ዕለት እራት አልቀመሰችም።

እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። አዲሱ ካሜራ የሚሰማ ድምፅ እንዲያወጣ ማዘዝ እንደሚቻል መመሪያውን አንብቤ ደረስኩበት። አመሻሽ ላይ መስኮቱ ዘንድ አስቀምጫት ተጫንኩ። ጭ አለ። «ሲመሽ ጥፍሩን የሚቆርጠው ማነው?» አለች። እኛ ቤት፣ ከመሸ ጥፍሩን የሚቆርጥ ልጅ ወላጁ ሲሞት አጠገቡ አይገኝም እንደሚባል ታውቃለህ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም። ግን ካሜራውን አጠፋሁት።

ቀጥሎ ኦካያ ከተማ ካለ ወዳጄ ባለመስታወት ካሜራ ተዋስኩ። የኛው ካሜራ ከተሠራበት ፋብሪካ የወጣ፣ የኛው መንትያ ነው። እሱም ቋ ይላል። እናታችን አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችና፣ በር ላይ እንደቆመ እንግዳ፣ «እንኳን ደህና መጡ፤ የማን ቤት ሰው ነዎት?» አለችው። ካሜራውን ነው። የአባታችን ካሜራ አንድ ጊዜ ከመቆሚያው ላይ ወድቆ ከተጠገነ ወዲህ መስታወቱ ሲመለስ ይዘገያል፤ ቋ ካለ በኋላ መሳቢያ ሲዘጋ የሚሰማ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ይከተለዋል። እናታችን የሰውን ኮቴ እንደምትለየው ነው የምትለየው። «የሴይኪቺን አምጣልኝ፤ ያኔ እቀመጥልሃለሁ» አለችኝ። አባታችን ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስሙን ብቻ ጠርታ ሰምቻት አላውቅም። ኪሞኖዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጣጥፎ ራስጌዋ ተቀምጧል።

ስልክ የደወልኩልህ ያኔ ነው። የጠየቅሁህ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ካሜራውን የወሰደው የትኛው ሱቅ ነው አልኩህ። ሄጄ ልለምናቸው አስቤ ነበር። አንተ «ጋሼ፣ የሄደ ሄዷል፤ አሁን እሱን መቆፈር ምን ያደርጋል?» ብለህ ዘንድሮ ዓሣው እንዴት እንደጠፋ ታወራልኝ ጀመር። ዳግመኛ ስደውል የሱቁ ስም ጠፋብኝ አልክ። የልጅነት አስተማሪዎቻችንን ስም በሙሉ በቃልህ የምትጠራ ሰው ነህና አላመንኩህም፤ ግን ምን እንደምጠረጥር ራሴም አላውቅም ነበር።

ባለፈው እሑድ ቺጉሳ አያቷን ልትጠይቅ ደወለች። እናታችን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስለ ትምህርቷ ስትጠይቃት ቆየችና መሀል ላይ ዝም አለች። የደከማት መስሎኝ ስጠጋ እጇን አንስታ ከለከለችኝ። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ። አንገቷ ላላ፤ ከንፈሯ ተከፈተ፤ ስንት ሳምንት የለፋሁለት ፊት ከፊቴ መጣ። በእጄ ግን ካሜራ አልነበረም። ስልኩን ስታቀብለኝ «ሴይኪቺ እዚያ ነው ያለው» አለችኝ።

ስልኩን ተቀብዬ እዚያ ማን አለ ብዬ ቺጉሳን ጠየቅኳት። አባባ ጓዳ ሆኖ የአያቴን ካሜራ እያጸዳ ቁልፉን እየተጫነ ይሞክራል አለችኝ። ከዚያ ያመለጣት ነገር ገባትና ቸኩላ ተሰናበተችኝ። ልጅቷን አንድ ክፉ ቃል እንዳትናገራት።

እንግዲህ ሱቅ የለም። ልውውጥም የለም። አዲሱን ከኪስህ ገዝተህ አሮጌውን በሻንጣህ ይዘህብን ሄድክ። ለምን ወሰድከው ብዬ አልጠይቅህም። አባታችን ሲሞት በረዶው መንገድ ዘግቶብህ ሳትደርስ ቀርተሃል፤ ከአባታችን የሚሰማ ነገር የቀረው ያ ካሜራ ብቻ ነው። እኔም በቦታህ ብሆን እወስደው ነበር ይሆናል። ብትጠይቀኝ ግን ወንድም ነኝ፤ እሰጥህ ነበር። የሚያንገበግበኝ ውሸቱ ነው። ከውሸቱም ይልቅ፣ የምትጠብቀውን ድምፅ ሻንጣህ ውስጥ ቆልፈህ እሷን በዝምታ ማንሳትህ ነው።

ካሜራውን በፖስታ እንዳትልከው። ራስህ ይዘኸው ና። እኔ ትከሻዬ ስለማይፈቅድልኝ ከጀርባው የምትቆመው አንተ ነህ። እኔ ኮሌታዋን እይዛለሁ። የመጀመሪያውን ተጫን፤ ጣትህን ግን አታንሳ። ከዚያ በኋላ ካሜራው ያንተ ነው፤ ወደ ኩሺሮ ይዘኸው ተመለስ፤ ማንም አይጠይቅህም። ያ ክፈፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። እናታችን ባንተ መዘግየት ከቀደመችን ግን መታሰቢያው ላይ የሚወጣው እሱ ነው፤ ሌላ ፎቶ የለንም። እኔም አንተም እስክንሞት ድረስ ትንፋሿን እንደያዘች ታየናለች።

ለሚሳኦ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ጎመኑ ሲደርስ የእሷን ድርሻ ፉሚኖ ታስቀምጥላታለች። ቺጉሳን ሳምልኝ፤ ለአያቷ ዘወትር እንድትደውል ንገራት። ፉሚኖ ሁላችሁንም ሰላም ትላለች፤ አንተን ከመቆጣቴ በፊት ሻይ እንድጠጣ መክራኝ ነበር፤ ጠጥቼ ነው የጻፍኩት። አቶ ሚያሳካም እንዴት ነው ብለውሃል። እናታችን ሰላም ትልሃለች። ምን ብዬ ልጻፍለት ብላት «ይዤ እየጠበቅሁት ነው በለው» አለችኝ።

በስልክ የሚነገር መልስ አልቀበልም፤ በስልክ ምን እንደምትል አይቼዋለሁ። የምትመጣበትን ቀን በእጅህ ጽፈህ እስከ ኖቬምበር 15 ቀን ድረስ እንዲደርሰኝ አድርግ።

ታላቅ ወንድምህ ኢዋኦ
ሺሞሱዋ፣ ኖቬምበር 5 ቀን 2019