ጤነኛ በመሆኗ ከክፍል ስለተከለከለች ተማሪ

በቢቸና ከተማ ለሚገኝ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከወገብዎ የማይለየው የቁልፍ ዘለላ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። አገሬ ከሞጣ ወጣ ብሎ ሲሆን፣ በዚህች ከተማ በሰው በረንዳ ላይ አንድ የስፌት መኪና ተክዬ ታናሽ እህቴን አርሴማን በእርስዎ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። እንደ እርስዎ ላለ ባለ ዲግሪ ደብዳቤ መጻፍ ድፍረት መሆኑን ስለማውቅ ይህን ወረቀት አራት ጊዜ ገልብጬዋለሁ፤ ፊደሉ ቢወላገድ ከፍርሃት እንጂ ከንቀት እንዳልሆነ ይወቁልኝ። ጉዳዩ አጭር ነው። የሰኔው ፈተና አምስት ሳምንት ሲቀረው አርሴማ ከክፍል ውጭ ናት፤ የተከለከለችውም ጤነኛ በመሆኗ ነው። ነገሩን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ምስጋና የሚገባበት ቦታ ሲደርስም አልነፍግም።

1ኛ. ባለፈው ሚያዝያ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ እኔው በሰፋሁላት ዩኒፎርም ላይ ደም ታየ። ዕድሜዋ አሥራ ሦስት ነው። ከኋላዋ የተቀመጡት ሳቁ። መምህሩ ጨዋ ሰው በመሆናቸው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው «ሂጂ፣ ለእናትሽ ንገሪያት» ብለው አሰናበቷት። ምክሩ መልካም ነበር፤ እናታችን ግን ያለችው ከሞጣ ማዶ፣ ከመኪና መንገድ የሦስት ሰዓት የእግር ጉዞ ርቃ ነው። ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የቢቸና ሴቶችን ወገብና ትከሻ በሜትር ለክቼ አውቃለሁ እንጂ ስለዚህ ነገር የማውቀው አንዳች አልነበረም። ሦስት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በአራተኛው ቀን «ጋሼ፣ ውስጤ የተቆረጠ ነገር አለ መሰለኝ፤ እማዬን ሳላያት እንዳልሞት» አለችኝ።

2ኛ. ስለ ሳይንስ መጽሐፉ ከልብ አመሰግናለሁ። ልጅነት አልፎ ሰውነት ሲለወጥ ምን እንደሚሆን የሚያስረዳው ገጽ በእርግጥም አለበት፤ ስለ ጡት ማደግ፣ ስለ ብጉር፣ ስለ ወር አበባም ተጽፏል። መምህሩ እዚያ ሲደርሱ «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ብለው ወደ ዕፅዋት ምዕራፍ አለፉ አሉ። እኔ በአራተኛ ክፍል በማቋረጤ ብዙ ነገር የቀረብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ያላቋረጡትም እንደቀረባቸው ስሰማ ቁጭቴ ቀለል ብሎልኛል።

3ኛ. ገጹ ያልተነበበልን ወንድምና እህትም ያገራችን ሰው የሚያደርገውን አደረግን፤ ወደ ጠበል ሄድን። ስሕተታችን እዚህ ላይ ነው። በጠበሉ በር የሚቀመጡት እማሆይ ሰሎሜ እንደ ደንቡ የምትገባውን ሴት ሁሉ የወር አበባ ላይ መሆን አለመሆኗን ይጠይቃሉ። አርሴማ ጥያቄው ስላልገባት «በሽታዋን» ዘርዝራ ነገረቻቸው። እማሆይ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ምርኩዛቸውን ወደ እኔ አነሡ። «አንተ! ደህናዋን ልጅ ነው ጠበል ለጠበል የምታንከራትታት? አልታመመችም እኮ፤ አደገች!» እኔ አፍሬ ልሸሽ ስል ደግሞ «ወዴት? ቁም፣ አንተም ስማ! ነገ ሚስት ታገባ የለ?» አሉኝ።

ከዚያ ከአንድ ጽድ ሥር አስቀምጠውን፣ አንድ ቀሚስ ለመቀምቀም በሚፈጅ ጊዜ ሁሉን አስረዱን፤ በየወሩ እንደሚመጣ፣ መጀመሪያ ላይ ጊዜው ሊዛባ እንደሚችል፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ እንደሚሄድ፣ ጨርቁ በሳሙና ታጥቦ ጓዳ ሳይደበቅ ፀሐይ ላይ መሰጣት እንዳለበት፣ ሆድ ሲቆርጥ ሙቅ ነገር እንደሚያስታግስ፣ ሕመሙ ወይም ደሙ ከልክ ሲያልፍ ግን ጤና ጣቢያ መሄድ እንደሚገባ። «ለጊዜው ቅጽር አትገቢም፤ ደንቡ ነው። እግዚአብሔር ግን አልተጸየፈሽም፤ እንዲህ አድርጎ የሠራሽ እሱ ነው» አሏት። እማሆይ ዲግሪ የላቸውም፤ በጀትም አልጠየቁም።

4ኛ. አርሴማ ደስ ብሏት ብትመለስ፣ ስድስት ቀን በመቅረቷ የሕመም ማስረጃ ካላመጣች ክፍል እንደማትገባ የሚገልጽ ደብዳቤ ከጽሕፈት ቤትዎ ተሰጣት። ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተር ውበቴ መርምረው «ጤነኛ ናት፤ የወር አበባ ጀምራለች» ብለው ጻፉና ማኅተም መቱበት። የመዝገብ ቤት ኃላፊዎ አቶ ይታያል ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው «ጤነኛ ከሆነች ለምን ቀረች? የታመመችበትን አምጣ» አሉኝ። ተመለስን። ሲስተር ውበቴም «ያላመማትን አሟታል ብዬ ልፈርም? አላደርገውም!» አሉ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። እንግዲህ አርሴማ ብትታመም ኖሮ ትማር ነበር፤ ጤነኛ በመሆኗ ግን ዓመቱ ሊቃጠልባት ነው። ስለ ጤንነቷ ትምህርት ቤቱን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁለተኛ አይለምዳትም ብዬ ቃል መግባት ግን አልችልም፤ እማሆይ እንዳሉት በየወሩ ይመጣል።

5ኛ. ከቢሮዎ ጎን «የልጃገረዶች ንጽሕና መጠበቂያ ክፍል» የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ የሚያምር በር አለ። ዩኒፎርም ልለካ በመጣሁበት ቀን ተከፍቶ አይቼዋለሁ፤ ጠመኔ፣ የተሰበሩ ወንበሮችና አንድ የመረብ ኳስ በንጽሕና ተጠብቀው ተቀምጠዋል። እንግዳ ከዞን ሲመጣ ክፍሉ ይጠረጋል፣ ሞዴስና ሳሙና ይደረደራል፤ እንግዳው ሲሸኝ ሳሙናው ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። ቁልፉ በእርስዎ ወገብ ላይ ስለሆነ፣ ከአንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሚጠበቀው እርስዎ ፊት ቀርባ ጉዳይዋን ማስረዳት ብቻ ነው። እስካሁን አንዲትም አልመጣችም አሉ፤ ይህም ችግሩ እንደሌለ ተቆጥሮ በሪፖርት መላኩን ሰምቼ ተደንቄአለሁ።

ክቡር ሆይ፣ አርሴማ በየጠዋቱ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ጓደኞቿ ሲያልፉ ደብተር ተውሳ ትገለብጣለች። እናታችን ከሞጣ በመጣ ሰው «ትምህርቷ እንዴት ነው?» ብላ ላከችብኝ፤ «ደህና ነው» አልኩ። ዓመቱ ከተቃጠለ አባታችን «ይበቃታል» ብሎ ይወስዳታል፤ ከመንደራችን እንዲያ የተወሰደች ልጅ ተመልሳ ክፍል ስትገባ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ስለዚህ የፊታችን ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፍ ሳይጀመር፣ ያንኑ የጤነኝነት ወረቀት ይዘን በር ላይ እንቆማለን፤ እንዳለ ይቀበሉን። የክፍሉን ቁልፍ ለአንዲት መምህርት ይስጡልን፤ ያ ገጽም ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ወንዶቹም ይስሙት። እኔ በበኩሌ ሲስተር ውበቴ ልኩን አሳይተውኝ፣ ከጥጥ ጨርቅ ታጥቦ የሚደገም ሠላሳ ሞዴስ ሰፍቻለሁ፤ ለእርስዎ የቀረልዎ በሩን መክፈት ነው።

በፊትዎ ለመቆም የሚፈራ፣ እህቱ ሳትገባ ግን ከበርዎ የማይነሣ፣ የትዕግሥትዎም የዝምታዎም አድናቂ፣

ገላው የኔሰው
ልብስ ሰፊ፣ ቢቸና

ተጨማሪ፦ በመጀመሪያው ግልባጭ የእህቴን ስም ደብቄ «አንዲት ተማሪ» ብዬ ነበር። አርሴማ አነበበችውና ሰርዛ በገዛ እጇ ስሟን ጻፈችበት፤ «በሽታ አይደለም ተብሎ የለ? ምን ያስደብቀኛል?» አለችኝ። የእርስዎንም ስም ልጨምር ብዕሬን ባነሣ ግን እጄን ያዘችኝ። «እሳቸውን ተዋቸው ጋሼ፤ ያፍራሉ። እስካሁን የነገራቸው ሰው የለም።»