ዶርቃ መብራቷን ስታዞር

ይድረስ ለወንድሜ ለከድር፣ ጅግጅጋ

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ከረምክ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ነው፣ ሕመሙ ተመለሰባት ወይስ ተሻላት? ሸምሲያና ልጆቹስ ሰላም ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤናዬም ሥራዬም ደህና ነው። በስልክ ነገሬን ሳልጨርስ መስመሩ እየተቋረጠ ስላስቸገረኝ ቁጭ ብዬ መጻፍ መረጥኩ።

ባለፈው «ቪዲዮ ላይ አፍጥጦ መዋል ሙያ አይሆንም» ብለኸኝ ነበር። ለእኔ አስበህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩም። ግን የማየውን ልንገርህ። ዶርቃ የምትባል የመካኒሳ አቦ ልጅ አለች፤ ፎቶ አንሺ ናት። ሌሎቹ ያለቀለትን ፎቶ ብቻ ነው የሚያሳዩት። እሷ ግን ሥራ ላይ ሆና ከጎን አስቀርጻ ቪዲዮውን ትለቃለች። መብራቱ የት እንደቆመ፣ ፊት ላይ ጥላ ሲወድቅ ወዴት እንዳዞረችው ሁሉም ይታያል። ያለቀ ፎቶማ የበሰለ ወጥ ነው፤ ምን መቼ እንደገባበት አይነግርህም። ከሁሉ የምወድላት ግን ስትሳሳት ቆርጣ አለመጣሏ ነው። «አያችሁ፣ አበላሸሁት» ትልና እንደገና ትጀምራለች። በሙያው እንደሷ የማይሰስት ሰው አላየሁም።

ባለፈው ሳምንት ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ወዳለው ስቱዲዮአችን ሁለት አዛውንት ከለቡ መጡ፤ አባባ ጉተማና ባለቤታቸው እማማ ንግስት። ለቡ ሕንፃ ሳይበዛባት በፊት እርሻ ሲያርሱባት የኖሩ ናቸው። እማማ ያመጧቸውን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። የልጆች ሠርግ አለ፣ የልጅ ልጅ ምርቃት አለ፤ በሁሉም ላይ አባባ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዓይናቸውን ከታመሙ ወዲህ ፍላሽ አይችሉም።

«ይህን ያህል አብረን ኖረን፣ ዓይኑን ገልጦ ከጎኔ የተቀመጠበት አንድ ፎቶ የለኝም» አሉ እማማ።

አባባ ወደ በሩ እያዩ «ተይ ንግስት፣ ልጅቷን አታድክሚያት፤ ዓይኔ እንደሁ እምቢ ብሏል» አሏቸው።

አለቃዬ ነገሪም ጠጋ ብሎ «ያለ ፍላሽ ቤቱ ጨለማ ነው፤ ይቅርባቸው» አለኝ። እኔ ግን ዶርቃ ጨቅላ ሕፃን ስታነሳ ያደረገችው ትዝ አለኝ። መብራቱን ከሕፃኑ አዙራ ግድግዳው ላይ ስታበራ፣ ብርሃኑ ተመልሶ ለስለስ ብሎ ሕፃኑ ላይ ያርፍ ነበር። እኔም ፍላሹን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። አባባ አልጨፈኑም። ግድግዳችን ግን አረንጓዴ ስለሆነ ፊታቸው እንደ ሕመምተኛ አረንጓዴ መሰለ። ደግነቱ ዶርቃንም ቢጫ ግድግዳ እንዲሁ ጉድ ሲሠራት፣ ነጭ ጨርቅ ሰቅላ ስታስተካክል አይቻለሁ። ከጎናችን ካለው ፔንሲዮን ነጭ አንሶላ ለምኜ በሩጫ ተመለስኩ፤ ነገሪ ራሱ ወንበር ላይ ወጥቶ ሰቀለልኝ።

«አባባ፣ አሁን እማማን ይዩዋቸው» አልኳቸው። ዞር ብለው አዩዋቸውና ፈገግ አሉ፤ እኔም አነሳሁ። እማማ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲያዩት የባላቸውን ዓይን በጣታቸው ስክሪኑ ላይ ነካ አድርገው «እንዲህ ነበር የሚያየኝ» አሉ። ነገሪ ዞር ብሎ አፍንጫውን ሲጠርግ አየሁት፤ እኔም አላስቻለኝም።

ፎቶውን አስፈቅጄ ለዶርቃ ላክሁላት። «ፊታቸው ያምራል፤ ግን አንሶላውን የት ነው የሰቀልሽው? እሱን ነው ማየት የምፈልገው» ብላ መለሰችልኝ። አሁን ነገሪ እያስፈቀደ ሥራዬን ከጎን ይቀርጽልኛል፤ ስህተቴንም አላስቆርጥም።

ለሸምሲያ «የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ» በላት፤ ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርህ። እማዬን መስኮት አጠገብ አስቀምጠህ በስልክህ አንሳልኝ፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣባት። አንተ ስታነሳ ሸምሲያ ትቅረጽህ፣ ልጆቹም ይንጫጩ፤ በዚያው ሁላችሁንም አያችኋለሁ።

እህትህ መርዋ
ሀይሌ ጋርመንት፣ አዲስ አበባ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.